ያልተዘረዘረ ቋንቋ

በቤተ መጻሕፍቱ የኮምፒውተር ክፍል ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር የሚቀመጥ አንድ ሰው አለ። ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ ይመጣል፤ ቤት ውስጥ የሚነግረው ሰው ያለ አይመስለኝም። ኮምፓይለር መገንባት ከጀመረ ሦስት ቀኑ ነው፤ ባለሙያዎች የጻፉትን ፕሮግራም ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚመልሰውን መሣሪያ ማለት ነው። ከመገንባቱ በፊት መሣሪያው የሚያውቃቸውን ቋንቋዎች በአንድ መስመር መዘርዘር አለበት። ያልተዘረዘረ ቋንቋ ለማሽኑ እንዳልተፈጠረ ነው።

ትናንት ፎርትራን የሚባለውን የቆየ ቋንቋ ከዝርዝሩ ዘሎት ኖሮ ያስተዋለው ሦስት ሰዓት ሙሉ ከጠበቀ በኋላ ነው። አልተናደደም። አጥፍቶ እንደ አዲስ ጀመረ።

"ጋሼ፣ ይሄን ሽማግሌ ቋንቋ ቢተዉትስ? አሁን ማን ይጽፍበታል?" አለችው የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ልጅ፣ ለቀልድ ያህል።

"ባለቤቴ።"

"ታዲያ እሳቸው አዲሱን አይለምዱም?"

"አምና አረፈች። የጀመረችው ፕሮግራም ሲሠራ ልየው ብዬ ነው።"

ልጅቷ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ሐዘን ድምፅ ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር፤ እዚህ ሰው ፊት ላይ ግን ከስክሪኑ ብርሃን በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ግንባታው አለቀ። የሚስቱን ፕሮግራም አስነሣው፤ ያለ አንዳች ስሕተት ሠራ። ስክሪኑ ላይ "ቁጥሩን አስገባ" የሚል መስመር ወጣና ቆመ።

"ያስገቡ እንጂ ጋሼ" አለችው ልጅቷ።

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መስመሩን ደጋግሞ አነበበው።

"የቱ ቁጥር እንደሆነ አልጠየቅኳትም" አለ።