በወግዲ የጠበስሁት ዓሣ

ከመካነ ሰላም የተነሣሁት ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የተነሣሁበት ምክንያት የቤት ሥራ ነበር። የአማርኛ መምህራችን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ አንድ ቃል አድለውን፣ «በየሙያው ምን ማለት እንደሆነ ከባለሙያው አፍ ሰብስባችሁ አምጡ» አሉ። ለእኔ የደረሰኝ «ዓሣ» ነው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ገብስና ባቄላ በሚበቅልበት ደጋ ዓሣ ከየት ይመጣል?

እኔ ግን መምህሬን ደስ ላሰኝ ብዬ ቆርጬ ተነሣሁ። በደብተሬ ላይ ሰንጠረዥ አሰመርሁ፤ በአንድ በኩል ሙያው፣ በሌላው በኩል ትርጉሙ፣ ለእያንዳንዱም ሁለት መስመር። ከጉዞው በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት የከተማውን ሰዎች ጠይቄ ጨረስሁ። የባዮሎጂ መምህሩ «አከርካሪ ያለው፣ በውኃ ውስጥ የሚተነፍስ» ብለው አጻፉኝ። የግብርና ባለሙያዋ ዓሣ ከእንስሳት ሀብት ጋር እንደሚመዘገብ ነግራኝ፣ «የእኛ ወረዳ ገጽ ግን ባዶ ነው» ብላ ሳቀች። ኮከብ የሚቆጥሩ አንድ ደብተራ ደግሞ ዓሣ በሰማይ ሑት እንደሚባል አስረዱኝና የእናቴን ስም ጠየቁኝ። ሙስሊም መሆኔን ስነግራቸው፣ «ታዲያ ኮከብ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ይለያል?» አሉ።

ሸሁ አጭር መልስ ሰጡኝ። «ዓሣ ቢላዋ አይሻም፤ ሳይታረድ ሐላል ነው።»

ቄሱን ያገኘኋቸው ከቅዳሴ ሲወጡ ነው። ጊዜው ሁዳዴ ነበርና ዓሣ በጾም ይበላ እንደሆነ ጠየቅሁ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው መለሱልኝ። «የሚበላ አለ፤ የሚፈቅድ አባትም አታጪም። በሁዳዴ ግን እኔ ለልጆቼ አልፈቅድም። ለቁርባን የተዘጋጀ ሰውማ ጨርሶ አይነካውም። ደግሞ ልጄ፣ ይህ በደፈናው የሚነገር ነገር አይደለም፤ ሁሉም ነፍስ አባቱን ይጠይቅ።»

ሁሉንም ሰማሁ። የጻፍሁት ግን «በጾም የሚበላ፣ ከሥጋ የማይቆጠር ምግብ» ብዬ ነው። ለሁለት መስመር የሚበቃው ይህ ብቻ ነበር፤ ገጹም ንጹሕ ሆኖ ታየኝ።

ወደ ወግዲ

የቀረኝ የዓሣ አስጋሪ ነበር። የዶርም ጓደኛዬ ብርቱካን የወግዲ ልጅ ናት። «በገበያ ቀን ከዓባይ ቆላ ዓሣ ይዘው የሚወጡ አሉ፤ እኛ ቤት እደሪ» አለችኝና ለእናቷ ደወለችላቸው። ስንሰነባበት፣ «እናትና አባቴ እኮ ለሆሳዕና ሊቆርቡ ነው» አለችኝ። «ማሻ አላህ» አልኋት።

ሚኒባሱ ከልክ በላይ ሞልቶ ነበር። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ አቧራው በተሰነጠቀው መስኮት እየገባ የሁላችንንም ቅንድብ አንድ ዓይነት አደረገው። ባሕር ዛፉ ሲያልቅ በስተግራ መሬቱ ተቆርጦ ወደ ታች ይወርዳል፤ በጭጋጉ ውስጥ ቆላው እንደ ሌላ አገር ይታያል። አጠገቤ የተቀመጡት ገበሬ ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝና ነገርኋቸው።

«እኔ ልንገርሽ» አሉ። «የዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው። ይህን ለሹመኛ ጻፊው።»

«በየትኛው ሙያ ልበለው?» አልኋቸው።

«በእኛው ነዋ! በተመሪነት ሙያ።»

መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በዚያ ጉዞ ከልቤ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቀትር፣ ገበያው

የብርቱካን እናት ወይዘሮ እታገኝ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሙስሊም መሆኔን ያውቁ ኖሮ መጀመሪያ ያሉኝ፣ «ጾም መሆኑ ደግ ሆነ ዘይኑዬ። የእኛን እርድ አትበዪ፤ ሽሮው ግን ለሁላችንም ነው» የሚል ነበር። ባለቤታቸው አቶ ደምሴ ቅዳሴ ሄደው ነበር። ዕቃዬን አስቀምጬ ወደ ገበያ ወረድሁ።

ዓሣ ሻጩ ሰይድ ይባላል። ዓሣዎቹን በእርጥብ ቅጠል ሸፍኖ ከጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ለአንተ ዓሣ ምንድን ነው አልሁት።

«የማይዘራ፣ የማይታረም እህል» አለኝ። «ጠዋት መረቡን አያለሁ፤ ካለ አለ፣ ከሌለ አልሐምዱሊላህ።»

ይህን ስጽፍ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ባዶ እጄን ነበር የመጣሁት። ዓሣ ደግሞ ሸሁም ቄሱም የማይከለክሉት፣ እኔና ወይዘሮ እታገኝ ከአንድ ትሪ የምንበላው ነገር ነው ብዬ አሰብሁ። አራት ዓሣ በአንድ ሲባጎ ታስሮ በሁለት መቶ ብር ገዛሁ።

«ለማን ቤት ነው?» አለኝ ሰይድ።

«ለክርስቲያን ቤት።»

እጁን ከሲባጎው ላይ አላነሣም። «በሁዳዴ?»

«የሚበላ አለ» አልሁት።

«እንጃ፤ እህቴ። አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለና ለቀቀልኝ።

ዘጠኝ ሰዓት

ወይዘሮ እታገኝ ጾማቸውን የሚፈቱት በዘጠኝ ሰዓት ነው። ዓሣውን ራሴ አጽድቼ በዘይት ጠበስሁት። በድስቱ ሊጠበስ ሲል ወይዘሮ እታገኝ ጥቂት አመነቱ፤ ለጾም ብለው በአመድ ፈትገው ያኖሩት ድስት ነበር። ከዚያ ግን «እንግዳ ነሽ» ብለው ሰጡኝ። ትሪው ሲቀርብ እጃቸውን አልዘረጉም።

«ይኼ በጾም ይበላል እንዴ ልጄ?»

«ይበላል። ከቄስ ጠይቄ ነው የጻፍሁት።» ደብተሬን ገልጬ ሰጠኋቸው። ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እየጎተቱ ጮክ ብለው አነበቡት።

«ቄስ ካሉ እንግዲህ» አሉና አማትበው ቆረሱ።

ብርቱካን ስለ ቁርባኑ የነገረችኝን ረስቼው ነበር ብል ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም። ወደ አፋቸው ሲያደርሱ ትዝ አለኝ። ነገር ግን «ተዉት» ማለት ስጦታዬን ማበላሸት መሰለኝ፤ ያነበቡትን ገጽ ውሸት ማድረግም ሆነብኝ። ዝም አልሁ፤ እኔም በላሁ። ሆሳዕና ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

አቶ ደምሴ ገና ደጁን ሳይረግጡ፣ «ምንድን ነው፣ ቤቱ ወንዝ ወንዝ ይሸታል?» አሉ።

«ዘይኑ ናት ያመጣችው። ቄስ ፈቅደዋል።»

«የማን ቄስ? የእኛ ነፍስ አባት መምሬ ኃይሉ አይደሉ?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን፣ ይኼን ቀን ስንጠብቅ ከርመን፣ ሦስት ቀን አላስችል አለሽ? አንቺ ሆዳም!»

ወይዘሮ እታገኝ ደብተሬን አነሡ። «ተጽፏል እኮ ደምሴ።»

ያኔ አቶ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው ልጄ? ቄሱ ያሉሽ ይህንኑ ነው?»

«አዎ» አልሁ።

ዓርብ ጠዋት

ሲነጋ መምሬ ኃይሉ መጡ። እግራቸው የሚያማቸው ሽማግሌ ናቸው፤ መደብ ላይ እስኪያርፉ ሁላችንም ቆምን። ነገሩን ከሰሙ በኋላ የመካነ ሰላሙን ቄስ ስም ጠየቁኝና ነገርኋቸው።

«አብረን ነው የተማርን» አሉ። «እሳቸው እንዲህ አይሉም።»

ወይዘሮ እታገኝ ፈጥነው መለሱ። «አባቴ፣ ልጅቱ በሰው ቤት ተቀምጣ ትዋሻለች? የሰው ልጅ እንዲህ አይጠረጠርም። እኔው በዓይኔ አንብቤዋለሁ።»

እየተሟገቱልኝ ነበር። ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልሁም። ተነሥቼ ቄሱ ያሉትን ሁሉ፣ ለቁርባን የተዘጋጀ አይነካውም ያሉትንም፣ ነፍስ አባቱን ይጠይቅ ያሉትንም ተናገርሁ። ስለ ቁርባኑ አስቀድሜ ማወቄንም አልደበቅሁም። «ቦታ አልበቃኝም ብዬ ነው የተውሁት» አልሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ሰማሁት።

ማንም አልተቆጣኝም። ወይዘሮ እታገኝ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

መምሬ ኃይሉ፣ «ባለማወቅ ነው» አሉ። «ግን እታገኝ፣ አንቺም ቤቴን ታውቂው ነበር። መጠየቅ ነበረብሽ። በቀኖናሽ ቆይተሽ ለፍልሰታ ይሁንልሽ።»

«እኔስ አባቴ?» አሉ አቶ ደምሴ። «እኔ አልቀመስሁም።»

«ባልና ሚስት አብራችሁ ነው የምትቀርቡት። ትጠብቃታለህ።»

ሊወጡ ሲሉ ተከተልኋቸው። እኔስ ምን ላድርግ አልኋቸው። በአዘኔታ አዩኝና፣ «አንቺ የእኔ የንስሐ ልጅ አይደለሽም። ለአንቺ የምሰጥሽ ቀኖና የለኝም» አሉ። ስገጂ፣ ጹሚ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

ወይዘሮ እታገኝን «አፉ በሉኝ» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አፉ ብያለሁ» አሉና ለመንገድ ቆሎ ቋጠሩልኝ። ሻንጣዬን ይዘው እስከ መኪናው የሸኙኝ አቶ ደምሴ ናቸው።  ሻንጣውን ሲያቀብሉኝ፣ «ትናንት ስጠይቅሽ ብትነግሪኝ ኖሮ፣ ሚስቴን ሆዳም ብዬ አላድርም ነበር» አሉኝ።

ወደ ኩታበር

ዓርብን መካነ ሰላም አድሬ ቅዳሜ ወደ ደሴ፣ ከዚያም በሚኒባስ ወደ ኩታበር ወደ ቤታችን ገባሁ። ከቤት ስደርስ አባቴ ቁርአን የሚያስቀራቸውን ልጆች አሰናብቶ ጨርሶ ነበር። ሳይጠይቀኝ ነገርሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳስቀራ፣ አላህ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም ያልሁበት ቀን ይበዛል። እንዲህ ማለት ያሳፍራል ያለሽ ማን ነው?» አለኝ። ማንም አላለኝም። ጎበዝ መባልን ስለምወድ ራሴ ያመጣሁት ነው። የጠየቁኝ ሴት ለእኔ መልስ የከፈሉትን ያህል እኔ አንድም ቀን ከፍዬ አላውቅም፤ ከጉዞው የተማርሁት ይህን ነው።

እሑድ፣ በሆሳዕና ዕለት፣ ከቀትር በኋላ ደወልሁ። ወይዘሮ እታገኝ አነሡ።

«እንዴት ዋላችሁ?» አልኋቸው።

«ደህና ነን ልጄ። ሌላው ሲቆርብ ቆመን ዋልን። ደምሴ ከወንዶቹ በኩል ቁም ቢሉት እምቢ አለ፤ በኋላ ሁለታችንም ወጥተን ከደጀ ሰላሙ ቆምን።»

እንደገና «አፉ በሉኝ» አልሁ።

«አፉ ብያለሁ አልሁሽ እኮ! ስንት ጊዜ ልበል?» አሉና ስለ ትምህርቴ ይጠይቁኝ ጀመር። ከበስተኋላቸው የአቶ ደምሴ ድምፅ ተሰማኝ። ማን ናት ብለው ጠየቁ፤ እሷ ናት አሏቸው።

አቶ ደምሴም፣ «ነሐሴ ቅርብ ነው በያት» አሉ።

ገና የሚያዝያ መግቢያ ነበር።