አንድ ክንድ ከስንዝር

ቤታችን ውስጥ ጠረጴዛ አልነበረም። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ አላስፈለገንማ! ምግቡ ትሪ ላይ ይቀርባል፣ ትሪው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፣ እኛ ትሪውን እንከባለን፣ አለቀ። እኔም ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የቤት ሥራዬን የሠራሁት ጉልበቴ ላይ ነው። የጂኦሜትሪ ክቦቼ ሁሉ ድንች የሚመስሉት በዚህ የተነሳ ነው ብዬ ለአስተማሪው ነግሬው ነበር። አላመነኝም።

ጠረጴዛ ያስፈለገኝ ትምህርቴን ከጨረስኩ በኋላ ነው። አባቴ አሰላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። በዚያ ክረምት አንድ ቀን ከሱቅ ሲመለስ፣ በሩ ላይ እንደቆመ፣ «ከቤት ዕቃ ጋር ስትጋጪ እያየሁ መክረም አልችልም» አለኝ። እውነቱን ነው። በዚያች ክረምት ብቻ ሁለት ብርጭቆ፣ አንድ ፋኖስና የአንዲት ጎረቤታችንን ቅስም ሰብሬ ነበር። «መስከረም እስኪያልቅ ሥራ ካላገኘሽ ወደ ጮሌ፣ ገጠር አክስትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ።»

ጮሌ ያለችው አክስቴ ጥሩ ሴት ናት። ሦስት የወንድሞቿን ሴት ልጆች ወስዳ ሙያ አስተምራ ድራለች። ያስተማረቻቸው ወተት መናጥ ነው፤ የዳረቻቸው ለጎረቤቶቿ ነው። አንድ ጎረቤት ቀርቷት ነበር። አይቼዋለሁ። ሲያወራ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያወራው፤ ደግሞ ወሬው አያልቅም።

እንግዲህ በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለሁ ነው ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት ጎረቤታችን የጠሩኝ። ከጎጃም ተመድበው የመጡ የቢሮ ጸሐፊ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ።

«ቢሯችን ታይፒስት ሊቀጥር ነው» አሉኝ በአጥሩ ላይ። «ፈተናው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ተምረሻል አይደል?»

ተምሬያለሁ። ግን ትምህርት ቤታችን ለአርባ ልጅ አራት የጽሕፈት መኪና ነበር ያለው፤ ሁለቱ ደግሞ «ለ»ን አይመቱም። እኔን የመሰለ ችኩል ሰው ልምምድ ካላደረገ ፈተናው ላይ ጉድ ይሆናል።

«እኔ ዘንድ አሮጌ መኪና አለች፤ ላውስሽ እችላለሁ።»

«አሁን ልምጣ?»

«ቆይ። ጠረጴዛ አላችሁ?»

«መሬት አለን፣ ጋሼ።»

«መሬት ላይ የምትቀመጥ መኪና የለችኝም! የማይነቃነቅ ጠረጴዛ አሳዪኝ፤ ያን ጊዜ ትወስጃለሽ።»

ነገሩ ግልጽ ሆነ። ጠረጴዛ ከሌለ መኪና የለም፣ መኪና ከሌለ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያወራው ሰውዬ አለ።

ከጓሮ የአባቴ ሱቅ አሮጌ በር ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። የቆርቆሮ በር ሲያስገጥም ይህኛውን አምጥቶ እዚያ አቆመው፤ ዶሮዎቹም ወዲያው ተከራዩት። ወፍራም የዝግባ ሣንቃ ነው። ከታች በአንደኛው ጥግ ክብ ቀዳዳ አለው፤ ጨርቅ የሚበሉትን አይጦች እንድትይዝ ድመታችን የምትገባበት ነበር።

«አባባ፣ ይህን በር ልውሰደው?»

«ለምን?»

«ጠረጴዛ ላደርገው።»

«በር እኮ ነው!»

«በር የሚሆነው ሲዘጋ ነው። ይሄ ምን ይዘጋል?»

ትንሽ አሰበና «ዶሮዎቹን ጠይቂያቸው» ብሎ ሄደ። ፈቃድ ነው ብዬ ወሰድኩት።

የዶሮውን ነገር በማጭድ ፋቅሁ፤ ቀሪውን በብርጭቆ ስባሪ ፋቅሁ (የሰበርኳቸው ብርጭቆዎች እንኳ ለቁም ነገር ዋሉ)። ከዚያ ለእግሩ የሚሆን የባሕር ዛፍ ከአጥር ትርፍራፊ አገኘሁ። አናጢው ዘንድ ሄጄ መጋዝና መዶሻ ለመንኩ። የሙሽራ አልጋ ይዞ ተጨንቋል፤ ቀና ብሎም አላየኝም።

«ከሰዓት በኋላ እፈልገዋለሁ። እግሩን አንድ ክንድ ከስንዝር አድርገሽ ቁረጪው። ጠረጴዛ ሁሉ አንድ ክንድ ከስንዝር ነው።»

አንድ ክንድ ከስንዝር። ይህን ያህል ቀላል ነገር!

የመጀመሪያውን እግር በራሴ ክንድ ለክቼ ቆረጥኩት። ጥድ የማያውቅ ሰው ባሕር ዛፍ ለስላሳ ነው ይላል፤ እኔ ሁለቱንም አላውቅም ነበር፤ ብቻ እጄ ዛለ። በዚህ መሃል አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ብቅ አለ። ስለ አጎቴ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ክንዱ ረዥም ነው፤ ገበያው በሙሉ ያውቀዋል። ከሳጉሬ ጨርቅ ሊገዙ የሚመጡ ሰዎች በነጋዴ ክንድ አይለኩም፤ አጎቴን ሻይ ጋብዘው ይዘውት ይመጣሉ፤ እሱ ይለካላቸዋል። አባቴ ደግሞ ነጋዴ ነው፤ የነጋዴ ክንድ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሁለቱ በየገበያው ቀን በአንድ ጣቃ አቡጀዲ ላይ ክንድ ለክንድ ይጨቃጨቃሉ፤ ማታ በአንድ ትሪ ይበላሉ።

«አምጪው፣ እንደ ሴት አትቁረጪ» አለኝ አጎቴ።

«ሴት ነኝ እኮ!»

«እሱማ ይታያል» አለና ሁለተኛውን እግር በራሱ ክንድ ለክቶ ገዝግዞ ሄደ።

ሦስተኛውን እናቴ ቆረጠች። «ያ ረቢ፣ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ! እስከ መቼ ትጮሂያለሽ?» ብላ ከጓዳ ወጥታ ከእጄ ነጠቀችኝ፤ እሷም በራሷ ክንድ ለካች። አራተኛውን አባቴ ለምሳ ሲመጣ አገኘው። «መጋዝ የያዝሽው እንደ ማንኪያ ነው» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። በራሱ ክንድ ለካ። ቆረጠ። ምሳውን በላ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ስለ ሦስት ማዕዘን ጎኖች የማላውቀው ነገር የለም። አራቱ ክንዶች የአራት ሰው መሆናቸው ግን አልታየኝም። እግሮቹን ስመታ አንዱ ከሌላው ሲበልጥ አላየሁም ብል ውሸት ነው፤ አይቻለሁ። ግን መዶሻው ሊወሰድብኝ ሰዓቱ ደርሶ ነበር፤ ሲቆም ይስተካከላል ብዬ መታሁት።

ሲቆም አልተስተካከለም። ቁልቁለት የሚወርድ አህያ መሰለ። እናቴ ለምርቃት ብላ አንድ ብርጭቆ ሻይ አስቀመጠችበት። ብርጭቆው ቀስ ብሎ ጉዞ ጀመረ፤ አጎቴም ተመልሶ ነበር፤ አራታችንም ቆመን አየነው፤ ማንም አልያዘውም፤ ጫፍ ደርሶ ወደቀ። የክረምቱ ሦስተኛ ብርጭቆ። ይሄኛው በኔ አይቆጠርም።

አጎቴ ተንበርክኮ እግሮቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ፊቱ በራ።

«ይህቺ እግር የማን ናት?» አለ አጭሯን እያሳየ።

አባቴ ጣሪያውን ያያል።

«ወላሂ፣ የሳጉሬ ሰው ስንት ዓመት ሲጮህ ኖረ! ይኸው እግሯ ቆማ መሰከረች!»

«ያንተ ክንድ እኮ ክንድ አይደለም» አለ አባቴ፤ «የጉድጓድ ገመድ ነው!»

«እሺ የኔ ገመድ ይሁን። የልጅቷስ? የልጅቷም ይበልጣል።»

«ልጅቷ ካንተ ወገን ወረሰች።»

እናቴ ቀስ ብላ የራሷን እግር በጣቷ ለካች፣ ያባቴን ለካች፣ ደግማ ለካች። «የኔም እኮ በሁለት ጣት ይበልጣል» አለች።



«በቃ፣ ሦስቱን በአጭሯ ልክ እንቁረጣቸው» አልኩ፤ እኔ የምፈልገው መኪናዋን ነው።

«አጭር የምትባል እግር የለችም!» አለ አባቴ። «የኔ እግር ልክ ናት። አንድም እግር አይቆረጥም! ቆርጠሽ አጎትሽ ቁራጮቹን ገበያ ይዞ ሲዞር ልይ? የተበላሸው ወለሉ ነው። ውጡልኝ።»

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ውጡ አልኩ!»

ሦስታችንም ደጅ ወጣን። ከውስጥ የዶማ ድምፅ መጣ። ድም። ድም። እናቴ ባለፈው ሳምንት በእበት የለቀለቀችውን ወለል አስባ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

አጎቴ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። «እየቀበረ ነው» አለ።

«ምኑን?» አልኩት።

«ክንዴን ነዋ!»

አባቴ አፈር በአፈር ሆኖ በሩን ሲከፍት ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሦስቱ ረዣዥም እግሮች እንደየርዝመታቸው በተቆፈሩ ጉድጓዶች ገብተዋል፣ አፈር ተጠቅጥቆባቸዋል። የአጎቴ እግር ስንዝር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ተቀብሯል። የአባቴ እግር ብቻዋን በኩራት ወለሉ ላይ ቆማለች። ጠረጴዛው ዝቅ ብሏል፤ እኛ ቤት ያለው መቀመጫ ደግሞ በርጩማ ነው፤ እንደ ተለካለት ሆነ።

ጋሼ በማግስቱ ሊያዩ መጡ። ገፉት፣ ሳቡት፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ታገሉት። ባርኔጣቸው ወደቀ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እግሮቹን አዩ።

«ይሄ የተሠራ ነው ወይስ የተተከለ?»

«የማይነቃነቅ ነው ያሉት» አለ አባቴ።

«ብያለሁ።»

«ያነቃንቁታ!»

መኪናዋን በዚያው ቀን አመጣኋት።

ሦስት ሳምንት ከጠዋት እስከ ማታ መታሁ። ጠረጴዛዬ መሬት ስለያዘ ምንም ብመታ አይፈራም፤ እኔም እንደ ሚስማር ነው የመታሁት። የቸገረችኝ ድመቷ ናት። በሩ ጋደም ማለቱን አልተቀበለችም። እሷ የምታውቀው ቀዳዳዋን ነው። ከሥር መጥታ አንገቷን በቀዳዳው ታወጣለች፣ መስመሩ ሊያልቅ ሲልና መኪናዋ ቅጭል ብላ ስትደውል መዳፏን ሰዳ ወረቀቱን ትይዛለች። በቀን መቶ ጊዜ «ውጪ!» እላለሁ። ደወል፣ «ውጪ!» ደወል፣ «ውጪ!» በመጨረሻ አንዱ ካለ ሌላው አይመጣልኝም።

የፈተናው ቀን የጃንሆይ ፎቶግራፍ የተሰቀለበት ሰፊ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን ተቀመጥን። ቀሚሴን በራሴ አሳጥሬው ነበር፤ ለካሁት ግን በሜትር ነው፤ ተምሬያለሁ። መምታት ስጀምር የቢሮው ጠረጴዛ ተራመደ። እንደ ሌሎቹ የቢሮው ጠረጴዛዎች እግሩ አንካሳ ነው። በእያንዳንዱ ፊደል መኪናዋ ወደ ጫፉ አንድ እርምጃ ትሄዳለች። የእናቴ ብርጭቆ ታየኝ። ከብርጭቆው ኋላ ጮሌ ታየችኝ። ከጮሌ ኋላ የተጨፈኑ ሁለት ዓይኖች።

ጫማዬን አውልቄ አንካሳው እግር ሥር ወሸቅሁት። ቆመ። እንደ ቤቴ መታሁ።

መስመሩ አለቀ፣ ደወሉ ቅጭል አለ።

«ውጪ!» አልኩ፣ በሙሉ ድምፄ።

አጠገቤ የነበረችው ልጅ ብድግ ብላ ወደ በሩ ሄደች። ፈታኙ ጮኸው መለሷት። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ባዶ እግሬን አዩ፣ ጠረጴዛው ሥር ያለውን ጫማ አዩ።

«ማንን ነው የምታስወጪው?»

«ድመቷን፣ ጌታዬ።»

ክፍሉን በዓይናቸው ፈለጉ። ከዚያ «ቀጥዪ» አሉኝ፤ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው። ልጅቷን ስወጣ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም።

ከሳምንት በኋላ ጋሼ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ሰባት ፊደል ገድፈሻል» አሉኝ። «ሌሎቹ ግን ጠረጴዛው ሲሄድባቸው አብረው ሄደዋል። ሰኞ ግቢ።»

አባቴ ለገበያው ሁሉ አወራ። «ክንዴ ናት ያሳለፈቻት» ይላል። አጎቴ ይህን ሲሰማ ሻዩ ትን ይለዋል።

ሰኞ ስገባ የሰጡኝ ያንኑ አንካሳ ጠረጴዛ ነው። ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ዶማ ይዞ ሊመጣ ነበር፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው ብዬ አስቀረሁት። በማግስቱ ረፋድ ላይ ቢሮው በር ላይ አየሁት፤ የገበያ ቀን ኮቱን ለብሷል፤ እጁ ላይ በጥንቃቄ የተላገች ትንሽ የእንጨት ቁራጭ አለች። እኔ ከነገርኩት ተነስቶ በጣቱ ለክቶ የሠራት ነው።

ጎንበስ ብሎ አንካሳው እግር ሥር አስገባት። ቀና ብሎ አየኝ። ጠረጴዛውን በመዳፌ ጫን አልኩት።

ታጥራለች። በግማሽ ጣት።

«ልክ ናት፣ አባባ» አልኩት።

«አላልኩሽም?» አለና ኮቱን አራግፎ ወደ ሱቁ ሄደ። ከበሩ እንደወጣ አንድ የተበላሸ ወረቀት አራት ቦታ አጥፌ ቁራጯ ላይ ደረብኩባት።