በአምስት ሊሬ ያልመጡ አጫጆች

መነሻ

ከጎንደር የተነሣሁት ጣልያን አገሩን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ የነቢያት ጾም በገባ በማግስቱ ነው። ምክንያቴ አክስቴ ወይዘሮ ደብሬ ከደብረ ታቦር በታች ካለው መንደራቸው በአንድ ዲያቆን አፍ የላኩት ቃል ነበር። «ጤፌ ደርሶ ቆሟል። አለሙ መንገድ ሥራ ገባ። አጫጅ አጣሁ።» አለሙ አንድ ልጃቸው ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚያርስላቸውም የሚያጭድላቸውም እሱ ነበር።

ጤፍ ከደረሰ በኋላ ሰው አይጠብቅም። ከልክ በላይ ሲደርቅ ነፋስ በነካው ቁጥር ፍሬው ይረግፋል። አክስቴ ደግሞ ከዚያ ማሳ ሌላ የዓመት ቀለብ የላቸውም።

እኔ የምሠራው በአንድ የመናዊ ነጋዴ መደብር በጸሐፊነት ነው። ከጦርነቱ በፊት ቤይሩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁለት ዓመት ስለ ንግድና ስለ ገበያ ተምሬ ነበር፤ ጦርነቱ አቋረጠኝ። ሰው ሲሰበሰብ ድምፄ ስለሚጠፋብኝ ከወረቀት ጋር መዋል ይስማማኛል። ነጋዴው የስምንት ቀን ፈቃድ ሰጠኝ። ያጠራቀምኩትን ስድሳ ሊሬ በመቀነቴ ቋጥሬ፣ የይለፍ ወረቀቴን ይዤ፣ ጨው በጫነ መኪና ላይ ወጣሁ።

ከአክስቴ ጭንቀት ሌላ አንድ ነገር ልቤን ይዞት ነበር። በዚያው ሰሞን ጣልያን የሚያሠራው የአዲሱ መንገድ አለቆች የቀን ሠራተኛ ከአምስት ሊሬ በታች እንዳይቀጠር አዝዘዋል። ቀድሞ ሦስት ነበር። ዝቅተኛው ደመወዝ ከፍ ሲል አብሮት ምን እንደሚነሣ፣ ምን እንደሚወድቅ ቤይሩት ሳለሁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተሥሎ አይቻለሁ። በአገሬ ዳገት ላይ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም ነበር።

ይፋግ

መኪናው ሁለት ጊዜ ለፍተሻ ቆሞ ከሰዓት በኋላ ይፋግ ጣለኝ። ገበያው ገና አልተበተነም። አንዲት እህል ሻጭ ፊት ቆሜ የጤፉን ዋጋ ጠየቅሁ።

«ቁናው ሦስት ሊሬ።»

«ባለፈው ወር ሁለት አልነበረም?»

«ባለፈው ወር የመንገዱ ሰው ሦስት ሊሬ ይዞ ይመጣ ነበር፤ አሁን አምስት ይዞ ይመጣል። ገበሬው ደግሞ እህሉን ማሳ ላይ ጥሎ መንገድ ሄደ። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ፣ ከሰማይ ላውርደው?»

አጠገቧ በርበሬ የምትሸጠው ሳቀች። «ተያት፣ ልትገዛ አይደለም። ዋጋ ልትለቅም ነው የመጣች።»

እውነቷን ነበር። አፍሬ ግማሽ ቁና ሽምብራ ገዛሁ።

በቅሎ የሚያከራይ ሰው ስፈልግ አያ ጫኔን አገኘሁ። ጢማቸው የነጣ፣ ወገባቸው ግን ያልጎበጠ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ከአክስቴ መንደር አንድ ወንዝ ማዶ ነው። በቅሎዋን ከራሳቸው ጋር በስድስት ሊሬ ተስማማን። እስከ ባለፈው ሳምንት የመንገድ ሠራተኛ እንደነበሩ ሲነግሩኝ ለምን እንደተዉት ጠየቅኋቸው።

«መች ተውኩትና! እሱ ተወኝ እንጂ» አሉ። «ደመወዙ የጨመረ ለት አለቃችን ካፖው አሰለፈንና ክንዳችንን አንድ በአንድ ዳበሰ። ጥርሴን አላየም እንጂ በቅሎ የሚገዛ ነው የሚመስል። እኔን ወደዚያ ሂድ አለኝ። በሦስት ሊሬ ጊዜ ሽማግሌም ሰው ነበር፤ በአምስት ሊሬ ጎረምሳ ብቻ ሰው ሆነ።»

ዳገቱ

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ሜዳውን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር የድንጋይ መፍለጫው ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ነበር። አዲሱ መንገድ ገደሉን እየጠረበ ይወጣል። ከሠራተኞቹ ድንኳን በታች ሴቶች የጠላ ጋናቸውን ደርድረዋል። አንዷ ዘንድ ውኃ ጠጥተን ስናርፍ አያ ጫኔ ጣሳዋን እያገላበጡ፣ «አንቺ፣ ይቺ ጣሳ ታማ ነበር? ከሳችብኝ» አሏት።

«እነሱ ደመወዝ ሲጨምሩ እሷ ቀጠነች» አለች ሳትደነግጥ። «ዋጋውን እንዳልጨምር ይጮኹብኛል። ጣሳ ግን ማንም አይለካም።» ከዚያች ጣሳ ትርፍ ለሁለት ልጆቿ ልብስ እንደገዛች ኮራ ብላ ነገረችኝ።

አለሙን ከዚያው አገኘሁት። ፊቱ በአቧራ ነጥቷል። ተመልሶ ጤፉን እንዲያጭድ ለመንኩት።

«ሦስት ቀን ብቀር ስሜ ይሠረዛል፣ እታለም» አለኝ። ወደ ታች ጠቆመኝ። የሥራውን ቦታ ካጠረው ገመድ ውጭ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠው አንዱ ሲወጣ ለመግባት ይጠብቃሉ። «ለእናቴ ይኼን ስጭልኝ» ብሎ አዲስ ብርድ ልብስ አሸከመኝ። ወፍራም፣ ደኅና ብርድ ልብስ ነው። በሦስት ሊሬ ጊዜ ሊገዛው ባልቻለ ነበር። ተሳስመን ተለያየን።

አክስቴ ቤት

ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አክስቴ ብርድ ልብሱን ዳሰስ አድርገው ወደ ጎን አኖሩትና ወደ ማሳው ወሰዱኝ። አንዱን ዘለላ በመዳፋቸው መታ ሲያደርጉት ፍሬው መዳፋቸው ላይ ቀረ።

«እሑድን ካለፈ የወፍ ነው» አሉ።

ተስፋቸው ወንፈሉ ነበር። ወንፈል ጎረቤት ለጎረቤት በተራ የሚሠራበት ልማድ ነው። ዛሬ ያንተን አጭዳለሁ፣ ነገ የኔን ታጭዳለህ፤ ባለተራው ምሳና ጠላ ያቀርባል፣ ሌላ ክፍያ የለም። የአክስቴ ወንፈል አሥራ አራት ሰው ነበረው፤ ሰባቱ መንገድ ሥራ ገብተዋል። የቀሩትን የሚያስተባብሩት ጎረቤታቸው አያ ሞላ ናቸው። የአክስቴ ተራ ሐሙስ ነው። ነገር ግን አለሙ ስለሌለ የሌሎቹን ቀን የሚመልስላቸው የለም። ይመጡ ይሆን? አክስቴ ጠላ ጠምቀው ያንን ብቻ ያስባሉ።

እኔም አሰብኩ። ያሰብኩት በተማርኩት መንገድ ነው፤ ሰው መንገድ ሥራ የሚሄደው ለአምስት ሊሬ ከሆነ፣ እዚህም አምስት ሊሬ ካለ ይቀራል። ሰባት ሰው፣ ሠላሳ አምስት ሊሬ። ገንዘቡ በመቀነቴ አለ። ለአክስቴ ሳልነግራቸው ረቡዕ ጧት አያ ሞላን በራቸው ላይ አገኘኋቸውና እንደ መንገዱ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ አምስት ሊሬ እንደምከፍል ነገርኳቸው።

አያ ሞላ ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ። «ደግ ነው ልጄ፣ ሰምቻለሁ» ብለው ገቡ። ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ሐሙስ

ሽሮው ተሠርቶ፣ ስልጆው ተበጥብጦ፣ እንጀራው በመሶብ ሆኖ ጠበቅን። ማንም አልመጣም። ሲረፍድ አያ ጫኔ ከማዶ መጡ፤ አጨዳ መኖሩን ስለሰሙ ማጭዳቸውን ይዘዋል። ባዶውን ማሳ አዩና ምንም ሳይጠይቁ ብቻቸውን ከጥግ ጀመሩ። እኔ ከኋላቸው ነዶ እያሰርኩ ተከተልኩ።

እኩለ ቀን ላይ አያ ሞላ መጥተው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ።

«ግቡ እንጂ» አሉ አክስቴ።

«አልገባም። ደብሬ፣ እኛ ቅጥረኛ ነን?»

«ማን ነው ያለ?»

«ይቺ የተማረች ልጅሽ አምስት ሊሬ አለችን። የጠላትን መንገድ አንሠራም ብለን የቀረን ሰዎች ላንቺ ጤፍ እንቀጠር? ይኼ አንድ። ሁለተኛ፣ ያንቺ ቀን አምስት ሊሬ ካወጣ የኔስ? ሰኞ ስድስት ሰው አጭዶልኛል፤ ለነሱ ሠላሳ ሊሬ ከየት ላምጣ? ትናንት ሁለቱ ጠየቁኝ! ቀልድ አስመስለው ጠየቁኝ፣ ግን ጠየቁኝ።»

አክስቴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰድበውኝ አያውቁም ነበር።

«ገንዘብሽን አፈር ይብላው» አሉኝ። «እነሱ ሊመጡልኝ ነበር። በመቀነትሽ አሰርሻቸው።»

እኔ ያየሁት የአንድ ቀን ዋጋ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ዋጋ ሲወጣለት ያለፉትና የሚመጡት ቀኖች ሁሉ ዋጋቸውን እንደሚጠይቁ አላሰብኩም።

የጽዮን ዕለት

ዓርብ ነፋስ ነፈሰ። አያ ጫኔና እኔ የደረስንበት ከማሳው አንድ ጥግ አያልፍም። ቅዳሜ ኅዳር ጽዮን ነበረች፤ በዚያች ቀን ማጭድ የሚያነሣ የለም። ከቅዳሴ በኋላ ሰባቱ ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ከወይራው ሥር ተቀምጠው ሳለ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። የመጀመሪያ ቃሌን ማንም አልሰማውም።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ እንጂ» አለ አንዱ። «ዛሬ ማጭድ አልያዝንም፣ አንቆርጥሽም።»

ሳቁ። ሳቃቸው ረዳኝ።

«አጥፍቻለሁ» አልኩ። «በገንዘብ የጠራኋችሁ ትቀሩብናላችሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ገንዘቡን ትቼዋለሁ። በአለሙ ፈንታ እኔ ወንፈል ልግባ። የሰባታችሁንም ቀን በቀን እመልሳለሁ።»

«በዚህ እጅ?» አለ ያው ሰው። «ይኼ እጅ ከብዕር የከበደ ነገር አንሥቶ ያውቃል?»

«ነዶ አሥራለች» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ተሰማ። አያ ጫኔ ናቸው። «አንዱን አጥብቃ፣ አንዱን አላልታ፤ ግን አሥራለች።»

አያ ሞላ ጢማቸውን እየነኩ ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ማወቅ ስለፈለግሁ፣ ፍርሃቴን ረስቼ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፦ «የእኔ ቀን ከእናንተ ቀን እኩል ይሆናል? የአያ ጫኔስ?»

«ቀን ቀን ነው» አሉ። «እኛ ክንድ አንዳብስም። ነገሩ እዚሁ አለቀ። ነገ ሰንበት ነው፤ ሰኞ ማልደን እንመጣለን። ጠላው እንዳይኮመጥጥ ለደብሬ ንገሪ።»

ሰኞ

ሰባቱም መጡ፤ ከአያ ጫኔ ጋር ስምንት ሆኑ። አያ ጫኔ ከጎረምሶቹ ቀደሙ፤ ጤፍ ጉልበት ሳይሆን የእጅ ስልት እንደሚፈልግ ያን ቀን አየሁ። በላይ በኩል ነፋስ የሚመታው የማሳው ሩብ ግን ረግፎ ነበር፤ አገዳው ቀላል ሆኖ በእጃችን መጣ። አክስቴ ያንን ነዶ አንሥተው በእጃቸው መዘኑትና ለብቻው አስቀመጡት። ሐሙስ ቢታጨድ ኖሮ የሦስት ወር እንጀራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰባት ቀን ሰባት ማሳ ዋልኩ። አንዱ ገብስ፣ ሁለቱ ስንዴ፣ የቀረው ጤፍ ነው። በአራተኛው ቀን መዳፌ ውኃ ቋጠረና ፈነዳ፤ የአያ ሞላ ሚስት ቅቤ ቀብታ በጨርቅ አሰረችልኝ። የሚቀልዱብኝ ሰዎች በስድስተኛው ቀን ቀልዱን ረሱት፤ ነዶ በሸክም ሲያቀብሉኝ ስሜን እንኳ ሳይጠሩ «እንኪ!» ይሉኝ ጀመር። እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው። አያ ጫኔም በአለሙ ቦታ ወንፈሉ ውስጥ እንደሚቀጥሉ አያ ሞላ በመጨረሻው ቀን ምሳ ላይ ተናገሩ።

መልስ

ስመለስ በሠራተኞቹ ድንኳን በኩል አለፍኩ። ከገመዱ ውጭ የሚጠብቁት በዝተዋል። አለሙ እናቱ ብርድ ልብሱን እንደለበሱት ስነግረው ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

አምስት ሊሬ መጥፎ ነው አልልም። ብርድ ልብሱን አይቻለሁ፣ ጠላ ሻጯ ለልጆቿ ልብስ ገዝታለች። አያ ጫኔንና የይፋግን ቁናም አይቻለሁ። ሰሌዳ ላይ ያልተሣለልኝ ግን ሌላ ነው፤ በአንድ ድንኳን በር የተለጠፈ ዋጋ እዚያው አይቀርም። ዳገቱን ወጥቶ፣ ማንም ዋጋ ያልጠየቀበት ማሳ ድረስ ይገባል። ምናልባት እኔ ባልሸከመው በሌላ ሰው ጀርባ ይደርስ ነበር፤ የሆነው ሆኖ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ የማሳው ሩብም ረግፎ ቀረ።

ጎንደር የደረስኩት ከፈቃዴ ዘጠኝ ቀን አሳልፌ ነው። ነጋዴው የዘጠኙን ቀን ደመወዝ እንደማይከፍለኝ አስቀድሞ ነገረኝ። ቀጥሎ የንግድ ሰው ነውና፣ «እንዲህ ሰው በጠፋበት ጊዜ ለአጫጆቹ ስንት ከፈልሽ?» አለኝ።

«ሰባት ቀን።»

«በገንዘብ ነው የምጠይቅሽ።»

«በገንዘብማ አልመጡም» አልኩና፣ በተላጠው እጄ ብዕሬን አነሣሁ።