ቦዩና የእትዬ ጌሾ

መጋዘኔ ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከተማው አልቆ ማሳው ሊጀምር ሲል፣ ከአንድ የተተወ የመስኖ ቦይ ሥር ነው። ስከራየው ባለቤቱ «ቦዩ ከዳገት የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ወንዙ ይወስድልሃል» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም። ያልነገረኝ ቦዩ መጠረግ እንዳለበትና የሚጠርገው ሰው እንደሌለ ነው።

ቦዩ ማሳ ያጠጣው ጥቂት ዓመት ብቻ ነው ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሁሉ ጓዳ ሆነ። ፌስታል፣ የተሰበረ ባልዲ፣ የባጃጅ ጎማ፤ አንድ ሰሞን ደግሞ ትራሱ ብቻ የጎደለ ሶፋ መጣ። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም፤ ተቀምጦበት ያላወራ ግን አልነበረም።

የምነግደው ነጭ ሽንኩርት ነው። ካልነኩት ጠባዩ ሸጋ ነው፤ እርጥበት ያገኘው ዕለት ግን አለቀለት። ትርፉ ያለው ክረምት መግቢያ ላይ፣ የኮሶዬ ገበሬ ለዘር ሲፈልገው ነው። ስለዚህ ሌላው ሲሸጥ እኔ አቆያለሁ። ያን ዓመትም ግንቦት ሲጋመስ መጋዘኔ እስከ ጣሪያው ሞልቶ፣ ሰማዩ ዳገቱ ላይ ማጉረምረም ጀምሮ ነበር።

ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። አንዱ «ቦይ የመስኖ ጉዳይ ነው» አለኝ። ሁለተኛው «ውኃ የማያጠጣ ቦይ መስኖ አይባልም፤ የከተማ ፍሳሽ ነው» አለኝ። ሦስተኛው ማመልከቻ አጻፈኝና ለመጀመሪያው መራው። እንደዚያ ያለ አክብሮት ያገኘ ወረቀት አይቼ አላውቅም፤ ሁሉም በሁለት እጁ ይቀበለውና ለሌላ ያሳልፈዋል።

ተናድጄ ደቦ ጠራሁ። የሰፈሬ ሰው ግማሹ ከገጠር የገባ ስለሆነ፣ ምግብና ጠላ ካለ አካፋውን ይዞ ይመጣል። የሚያደክመው ቀን መምረጡ ነው። አንዱ በአቦ አይቆፍርም፣ ሌላው በሚካኤል፤ ሦስተኛው የአገሩን ታቦት እዚህ ድረስ ይዞት መጥቷል። በመከራ ማንም የማያከብረው አንድ ማክሰኞ ተገኘ።

ጠላውን ያዘዝኩት ከመጋዘኔ በላይ፣ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ጠላ ከሚሸጡት ጎረቤቴ ነው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። አጥራቸው ውስጥ ጌሾ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። ቦዩ ከአጥሩ ውጭ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። ሽንኩርት ስገዛ ጆንያውን እስከ ታች ሳልገለብጥ አልገዛም፤ ቦዩን ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀንም ሄጄ አላየሁትም።

ማክሰኞ ጠዋት ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች ጀመረ። እስከ ምሳ ሶፋው ሳይቀር ወጣ፤ ሲሚንቶው ታየ። እትዬ እየዞሩ ይቀዳሉ፤ «ሸጋ ጠላ!» ይላል ጠጪው ሁሉ። ከዚያ ከላይ የሚጠርጉት አጥሩ ጋ ደርሰው ቆሙ። ከታች የመጡትም ከወዲህ ቆሙ። ቦዩ ለካ አጥሩ ውስጥ ገብቶ፣ ደለል ሞልቶ፣ ጌሾው ሥር ተኝቷል።

«እንግዲህ ይነቀላላ» አልኩ።

የደቦው መሪ፣ አያ የምንላቸው ከመካነ ብርሃን የመጡ ሽማግሌ፣ ጣሳቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «ምኑ?»

«ጌሾው ነዋ፣ አያ!»

«ምነው አንተ! ጠላውን እየጠጣን ጌሾውን?»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«የምትጠጡት እኮ እኔ ያቀረብኩትን ነው።»

«ጠላው ያንተ ነው፤ ጌሾው የሳቸው። ቆሻሻ ጥረጉ አልከን እንጂ የሰው እንጀራ ንቀሉ አላልከንም።»

እትዬ የአያን ጣሳ እየሞሉ «ተዉት፣ ነጋዴ አይደል፣ ቸኩሎ ነው» አሉ። ደቦው እኔን መርቆ ተበተነ።

ያስገኘሁት ውጤት ይኼ ነው። ድሮ ቆሻሻው ጎርፉን ይበታትነው ስለነበር ለየጓሮው ትንሽ ትንሽ ይደርስ ነበር። እኔ የላይኛውን አስጠርጌ፣ የዳገቱን ውኃ በሙሉ ሰብስቤ፣ እስከ ጌሾው ድረስ በክብር አመጣሁት። ከጌሾው በታች ያለው ደግሞ መጋዘኔ ነው።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ውኃው ጌሾው ጋ ሲደርስ አበጠና ወደ እኔ ታጠፈ። አካፋ ይዤ ሮጥኩ። እትዬ ጃንጥላ ይዘው አጥራቸው ጋ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ልንቀለው?»

«ንቀለው። ነገ ምን ጠምቄ እንደምሸጥ ግን አንተው ንገረኝ።»

አካፋው እጄ ላይ ቀረ።

«ይልቅ ሽንኩርትህን እኔ ቤት አስገባው፤ ወለሌ ደረቅ ነው» አሉ።

አያና ጎረቤቶቹ ደረሱልኝ፤ ጆንያ በትከሻ ዳገቱን ተመላለስንበት። የታችኛው ረድፍ ረጥቦ ቀረ። የተረፈውን ጆንያ ጠላ ቤቱ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ደረደርነው። ስንጨርስ እትዬ ጃንጥላቸውን አጠፉና «እንግዲህ ሽንኩርትህ እዚህ እስካለ የቦይ ወሬ እንዳልሰማ» አሉኝ። ዕድሜዬን ገበያ ውስጥ ተከራክሬአለሁ፤ እንዲህ አፌን ይዤ እሺ ያልኩበት ቀን የለም።

የኮሶዬ ገበሬዎች ለዘር ሲመጡ አሁን መጀመሪያ ጠላ ያዛሉ። ዋጋ የሚጠይቁኝ ሞቅ ሲላቸው ነው፤ ያኔ ደግሞ ክርክር ላይ የሚችላቸው የለም። እትዬ ከጓዳ ሆነው ለእነሱ ያግዛሉ።

«ቀንስላቸው እንጂ፣ ምነው!»

እቀንሳለሁ።