እኔ ያዘጋሁት መዝገብ

ባለፈው ሳምንት ሰበታ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ፣ አንዲት የሕግ ተማሪ ለጓደኛዋ ስታስረዳ ሰማሁ። የሰብዓዊ መብት አቤቱታ ወደ ውጭ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት በአገር ውስጥ ፍርድ ቤቶች ሁሉ መታየት አለበት ትላለች። "ልክ ነሽ" አልኳት። ዩኒቨርሲቲ ያልረገጥኩ ሰው ይህን እንዴት እንዳወቅኩ ግን አልነገርኳትም።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ አገሩን ያናወጠበት ጊዜ ነበር። ዕድሜዬ ሃምሳን ቢያልፍም በአቤቱታ ሙያ ገና ወጣት ነበርኩ። ሕጉን ከአሮጌ መጻሕፍት ራሴ አጥንቼ፣ ከተጂ እስከ ቡራዩ ሰው የሚፈልገኝ ጸሐፊ ሆኜ ነበር። ጤፉ ደርሶ አጫጅ የለውም። መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ልብስ ላይ ያድራል። ቁጭ ብዬ ሁለት መስመር ሳልጽፍ ተነስቼ ወደ መንገዱ አያለሁ።

የጎረቤቴ የኦቦ ቶሎሳ ልጅ ገመቹ ከሰልፍ ተይዞ የት እንዳለ ጠፋ። ፖሊስ ልጁን አቅርቦ እንዲያሳይ ለፍርድ ቤት ጻፍኩለት። ወዲያው ሽማግሌዎች ከፖሊስ አዛዡ ጋር ለመነጋገር ገቡ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ክስ መግፋት ነውር ነው። "መዝገቡን እናዘጋው" አልኩት ኦቦ ቶሎሳን፤ የማቋረጫውን ማመልከቻም በዚያ በሚያምር እጄ ጻፍኩ። ሽማግሌዎቹ "ነገ" እየተባሉ ተመላለሱ። ገመቹ አልመጣም።

ያኔ ለውጭው ፍርድ ቤት ስምንት ገጽ ጻፍኩ። ታክሲ ስላልነበረ ከኦቦ ቶሎሳ ጋር ቆሎ እየቆረጠምን እስከ ዓለም ገና በእግራችን ሄድን፤ ከዚያ አዲስ አበባ አንዲት ጠበቃ ዘንድ ደረስን።

"ጋሼ፣ እንዴት አድርገው ጽፈውታል" አለችኝ አንብባ ስትጨርስ። ደረቴ ተነፋ። "ግን አይቀበሉትም። የአገራችሁ ፍርድ ቤት ምን ወሰነ ይሏችኋል።"

"ሽማግሌ ይዞት ነበር" አልኩ።

"ሽማግሌ ፍርድ ቤት አይደለም። መዝገቡን ማን አዘጋው?"

ኦቦ ቶሎሳ ወደ እኔ አላየም። "እኛ ነን" አላት።

መንገድ ላይ ግን አልማረኝም። "ያን ሁሉ መጽሐፍ ስታነብ ይቺን ዘለልካት?"

በማግስቱ መዝገቡ እንዲከፈት አዲስ ማመልከቻ ጻፍኩ። አባትየው ክሱን የተወው ልጁን ትቶ ሳይሆን እኔ ጸሐፊው በስህተት ስለመከርኩት ነው ብዬ ስሜን አስፍሬ ፈረምኩ።

ኦቦ ቶሎሳ አየውና "ኤዬ፣ እንዲህ ከጻፍክ ከእንግዲህ ማን ወደ አንተ ይመጣል?" አለኝ።

"አንተ መጥተህ የለም እንዴ?"

ዳኛዋ መዝገቡን ከፈተችው። በሦስተኛው ቀጠሮ ገመቹን አመጡት፤ ከስቷል፣ እግሩ ላይ የሌላ ሰው ነጠላ ጫማ። አባቱ ፊቱን በሁለት እጁ ደባበሰው።

ዛሬም በሰበታ እንደ እኔ የሚጽፍ የለም፤ ያላመነ መጥቶ ያንብብ። ሆኖም ሽማግሌ ገብቶበታልና ክሱን አቋርጥልኝ የሚለኝ ሰው ሲመጣ ብዕሬን አስቀምጬ፣ የታሰረው ቤቱ መግባቱን እጠይቃለሁ። አልገባም ካለኝ፣ ቢለምነኝም አልጽፍለትም።