ለማልጃ የተላኩት ሁለት ዲስኮች

ጎረቤቴ ቦክሱን ቶንግዮንግ ወደብ ላይ የደረቀ ዓሣ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ድምፅዋ ከመርከብ ጡሩምባ አያንስም፤ ሆዷ ግን ቂም አያውቅም። ታላቅ እህቷ ማልጃ በወጣትነቷ ነርስ ሆና ጀርመን ሄዳ፣ ሆርስት የሚባል ሰው አግብታ እዚያው ቀረች። እናታቸውን የምትጦረው ቦክሱን ናት። ታዲያ አንድም ቀን "እሷ በድሎት እኔ በዓሣ ሽታ" ስትል ሰምቻት አላውቅም።

እናታቸው ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ዕለት ታናሽ ወንድማቸው ጊቴ አዲስ የቪዲዮ ካሜራ ይዞ መጣ። ድግሱን ሁሉ ቀረጸ። እንግዳ ሲበተን እናትየው ካሜራው ፊት ተቀመጡና ማልጃን ያናግሯት ጀመር።

"ማልጃ፣ ጉልበትሽን ተሻለሽ?" አሉና ዝም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ።

"እማ፣ ቪዲዮ እኮ ነው! አትመልስልሽም" አለ ጊቴ።

"አንተ አፍህን ዝጋ። እናት ጠይቃ ልጅ ሳትመልስ ትቀራለች?"

እንዲህ እየጠየቁ፣ እየጠበቁ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጀንበር ጠለቀች።

ጊቴ ያንን በዲቪዲ ቀድቶ ላከው። ማልጃ ደወለች። "ማጫወቻዬ አላነብም አለ። የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ የሚያባዙልኝን የዘፈን ቪሲዲ ግን አሳምሮ ያጫውታል፤ ምን ነክቶት ነው?"

"ማጫወቻው አርጅቷል፤ አዲስ ትግዛ!" አለ ጊቴ።

"ጫማው አልገባ ሲል እግሯን ትቁረጥ በላ!" አለችው ቦክሱንና ድግሱ የተቀረጸበትን የካሜራ ካሴት ይዛ ወደ አቶ ፕዮ ፎቶ ቤት ሄደች። እኔም አብሬ ነበርኩ፤ ጊቴም እያጉረመረመ ተከተለን።

አቶ ፕዮ ነገሩን ሰምቶ፣ "እትዬ ቦክሱን፣ ቪሲዲ የሚያጫውት ከሆነ በቪሲዲ ይላኩ። ምስሉ ግን እንደ ዲቪዲ አይጠራም" አላት።

ጊቴ ብው አለ። "የእማን ፊት ልታደበዝዙት ነው?"

ቦክሱን ስልክ አንስታ እናቷን ጠየቀች። "ይደብዝዝ!" አሉ እናትየው። "የፊቴን መጨማደድ ማን ይይብኝ ብዬ!"

ያም አለቀ ሲባል አቶ ፕዮ ሌላ ችግር አመጣ። ቪሲዲ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዝም። "እማማ ዝም የሚሉባቸውን ቦታዎች ብቆርጣቸው አንድ ዲስክ ይበቃል" አለ።

ቦክሱን እሺ ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዓይኗ ካሴቱ የሚታይበት የፎቶ ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ አረፈ። እናቷ መልስ እየጠበቁ ነበር፤ ፊታቸው ላይ የሆነ ፈገግታ መጣና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቦክሱን አፏን መልሳ ዘጋችው።

"አይንኩት" አለች። "ሁለት ያድርጉት።"

"ባዶ ነገር በፖስታ ስትልኪ!" አለ ጊቴ።

"አንተን ብልክ ይሻል ነበር?"

ፖስታው በደረሰ ሰሞን ማልጃ ደወለች። ድምፅዋ ሻክሯል።

"እትዬ፣ ምነው፣ አለቀስሽ እንዴ?" አለች ቦክሱን።

"ምን አለቅሳለሁ፤ ስለፈልፍ ዋልኩ እንጂ! እማ ትጠይቀኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ስለ ጉልበቴ ስትጠይቀኝ 'ድኗል' ብዬ ዋሸኋት፤ አምናኝ ራሷን ነቀነቀች። ሆርስት ሳሎን ውስጥ ወሬ ሲሰማ እንግዳ የመጣ መስሎት ሸሚዝ ቀይሮ ወጣ!"

ቦክሱን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ጊቴ ደግሞ ካሜራውን መወልወል ያዘ።

ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ቪሲዲ ይላካል። እናትየው ሳይቀረጹ በፊት ጸጉራቸውን ይሠራሉ፤ ጊቴ ካሜራውን ይዞ ለመምጣት ከዘገየም ይሳደባሉ። ሰሞኑን ደግሞ ሆርስትን በቋንቋው ሰላም ካላልኩ ብለው ጀርመንኛ ጀምረዋል። በግድግዳው በኩል እሰማቸዋለሁ፤ አንዷን ቃል ደጋግመው ይሏታል፣ በደገሟት ቁጥር አፋቸው ላይ ሌላ ቃል ትሆናለች፣ የቦክሱን ሳቅ ይከተላል።