ኮምባይነሩ የመጣበት እሁድ

ዛሬ ከሮቤ ወደ ጎባ፣ አባቴ ዘንድ ስሄድ፣ ዝናብ የመታው ስንዴ በሚኒባሱ መስኮት ሸተተኝና የድሮ ነገር ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ስንዴያችን ደርሶ ኮምባይነሩ የመጣልን እሁድ ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል።

«በሰንበት አላሳጭድም፤ ነገ ና» አለው አባቴ ሹፌሩን።

«ኦቦ፣ ነገ ሌላ ቦታ ነኝ። ዝናቡም አይጠብቅዎትም።»

«ሰጪው እግዚአብሔር ነው።»

ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም፤ ስንዴው እንደቆመ ዛላው ላይ በቀለ። እናቴ አንዱን ዛላ መዳፏ ላይ አሽታ፣ «እሱስ ይስጥ፤ እኔ ለልጆቹ ምን ልስጥ?» አለች። አባቴ ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ያን ዓመት እሷ የሰው ልብስ እያጠበች አበላችን።

አሁን በሕይወት የለችም። ጎባ እንደደረስኩ አባቴን፣ «ያ እሁድ ቢመለስ ያሳጭዱ ነበር?» አልኩት።

«አላውቅም ልጄ። እናትሽን ግን እጠይቃት ነበር።»